መጻሕፍት ጠባቂው የሥዕል ታሪክ ጸሐፊ፤ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ፣ በቀየት አካባቢም ይሁን ከዚያ ራቅ ብሎ፣ አንድ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ቢሄድ፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ፊት ቆሞ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ይህ ሥዕል መቼ ተሣለ?» የሚል ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ «የጥንት ነው፤ አባቶቻችን ያቆዩልን ነው» ብለው ይመልሱለታል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን «ጥንት» የሚለው ቃል የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዘመንና የዐፄ ምኒልክን ዘመን በአንድ ከረጢት ውስጥ ይከታቸዋል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አለ። ሥዕሉ ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም፤ ሠዓሊውም አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አላኖረም። መምህሩ ለተማሪዎቹ ከዚህ የበለጠ ነገር ለመንገር ከፈለገ፣ ሥዕሉን ራሱን እንደ ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበታል።

በሃያኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ይህን ንባብ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ካደረጉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። በ1915 ተወልደው በ2010 ያረፉ ሰው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ የምርምር ሥራዎቹ የታተሙት በዚያው ስለ ሆነ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእኚህን ሰው የሥራ ዘመን ለመምህራን ማቅረብ የሚጠቅመው የተለመደውን መንገድ ያልተከተለ በመሆኑ ነው። በተለመደው አኳኋን አንድ ሰው በመጀመሪያ የሥነ ጥበብ ታሪክን ያጠናል፤ ከዚያም በሙያው ሲታወቅ የቤተ መዘክር ኃላፊነት ይሰጠዋል። ሆይናትስኪ ግን ቤተ መዘክሩን ያገኙት ከዕውቀቱ በፊት ነው። ሰብስበው ያስቀመጧቸው ዕቃዎች ምን እንደ ሆኑ መናገር ግድ ስለ ሆነባቸው የሥዕል ታሪክ ጸሐፊ ሆኑ ማለት ይቻላል።

ሆይናትስኪ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1950፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተበት ዓመት፣ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆነው ነው። ኮሌጁ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የተቋቋመ አዲስ ተቋም ስለ ነበረ፣ መጻሕፍት ቤቱም እንደዚሁ ከምንም የሚጀመር ነበር። የመጻሕፍት ቤት ሠራተኛ ዋና ተግባር የሚታወቅ ነው፤ መጽሐፍ ይገዛል፣ ይመዘግባል፣ በየመደቡ ይደረድራል። ይሁን እንጂ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ ለማሰባሰብ የተነሣ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ እውነት ይገጥመዋል። ይኸውም የዚህ አገር ሕዝብ ስለ ራሱ የተናገረው ሁሉ በመጽሐፍ መልክ ያልተቀመጠ መሆኑ ነው። አንዳንዱ በብራና ላይ ነው፤ አንዳንዱ በእንጨት ገበታ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በመስቀል፣ በከበሮ፣ በሞሰብ፣ በእርሻ መሣሪያ ላይ ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት በኮሌጁ ውስጥ የሕዝቦችን አኗኗርና ባህል የሚያጠና ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ተማሪዎች ከየትውልድ አገራቸው ስለ ሠርግ፣ ስለ ለቅሶ፣ ስለ እርሻና ስለ ዕደ ጥበብ ያጠናቀሩት ጽሑፍ በማኅበሩ መጽሔት ይታተም ነበር። ከጽሑፉም ጋር ዕቃው መምጣት ጀመረ። የኋላው ቤተ መዘክር መነሻ ይኸው በመጻሕፍት ቤቱ ጥግ የተጠራቀመ የዕቃዎች ስብስብ ነው። እዚህ ላይ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ወጣት የራሱን መንደር እንደ ጥናት ምንጭ እንዲመለከት ተደርጎ ነበር። ከመንዝ የመጣ ተማሪ የእናቱ ባና እንዴት እንደሚፈተልና እንደሚሠራ ሲጽፍ፣ ጽሑፉ ከፈረንጅ መንገደኛ ማስታወሻ ባላነሰ ማዕርግ ይታተም ይችል ነበር። ይህ አሠራር ከኮሌጅ ወርዶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳይደርስ መቅረቱ ያስቆጫል።

በ1960 መጨረሻ በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደም የፈሰሰበት ስፍራ ሆነ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1961፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን አዲስ ለተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዲሬክተር፣ ሆይናትስኪ ደግሞ የተቋሙ መጻሕፍት ቤትና ቤተ መዘክር ኃላፊ ሆኑ። በዚያው ዓመት ሁለቱ በጋራ አዘጋጅነት የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትን ማሳተም ጀመሩ። ሆይናትስኪ በመጽሔቱ የመጀመሪያ ዓመት ያቀረቧቸው ጽሑፎች ገና የሥዕል ታሪክ ጸሐፊ እንዳልነበሩ ያሳያሉ። አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ታሪክ ነው፤ ሌላው የውጭ አገር መንገደኞች ስለ ኢትዮጵያ ደንና ስለ ደኑ መመናመን የጻፉትን የሚያጠናቅር ነው። ሁለቱም የመጻሕፍት ጠባቂ ሥራዎች ናቸው። የተበታተነውን ይሰበስባሉ፣ በየዘመኑ ይደረድራሉ፣ አንዱን ምስክር ከሌላው ጋር ያነጻጽራሉ። በተከታዩ ዓመት በዚሁ መጽሔት ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል አጭር መግቢያ ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ኋላ አልተመለሱም።

ወደ ሥዕል የሳባቸው ምክንያት ከሥራቸው ጠባይ የመነጨ ይመስላል። ተቋሙ በርከት ያሉ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉ ቅዱሳት ሥዕላትን መግዛትና መቀበል ጀምሮ ነበር። ሥዕሎቹ ጠፍጣፋ የሆኑም፣ እንደ መጽሐፍ የሚዘጉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ክፍልም ነበሩ። በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ጎብኚ ቁጥር እየበዛ፣ የቅርስ ነጋዴዎችም ሱቅ በአዲስ አበባ እየተበራከተ ነበር። ተቋሙ ያልገዛው ሥዕል በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ከአገር ሊወጣ ይችል ነበር። ስለዚህ መግዛቱ ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነበር፤ የሚገዛበትም ገንዘብ ጥቂት ነው። በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚገዛውን ማወቅ አለበት። ትናንት በጭስ የተጠቆረ አዲስ ሥዕል ከአምስት መቶ ዓመት ሥዕል መለየት ካልቻለ፣ የተቋሙን ገንዘብ ያባክናል፤ እውነተኛውንም ያሳልፈዋል።

ታዲያ ዘመን ያልተጻፈበት ሥዕል ዘመኑ እንዴት ይታወቃል? ሆይናትስኪ የተከተሉት ዘዴ በመሠረቱ ቀላል፣ በአፈጻጸሙ ግን ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነው። በመጀመሪያ ዘመናቸው በማያጠራጥር ሁኔታ የታወቁትን ሥራዎች ለብቻ ማውጣት ያስፈልጋል። እነዚህ በግርጌያቸው የንጉሥ፣ የንግሥት ወይም የባላባት ስም የተጻፈባቸው፣ ወይም አሠሪው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ የተሣለባቸው ናቸው። ለምሳሌ በጣና ደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ተደፍተው ተሥለዋል፤ ስለዚህ ያ ሥዕል ከአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት እልፍ ሊል አይችልም። ከዚያ በኋላ የእነዚህን ሥዕሎች ዝርዝር ነገር መመዝገብ ይከተላል። ዓይን እንዴት ተከፈተ? ጣት እንዴት ተጣጠፈ? የልብሱ ዕጥፋት በመስመር ነው የተመለከተው ወይስ በጥላ? ዙፋኑ ምን ዓይነት ነው? ከጀርባ ያለው መደብ አንድ ወጥ ቀለም ነው ወይስ ከቢጫ ወደ ቀይ የሚሸጋገር? ዘመኑ ያልታወቀ ሥዕል ሲመጣ ከዚህ ዝርዝር ጋር ይተያያል።

በዚህ መንገድ የተለያዩት ክፍሎች ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ናቸው። የጎንደር ሥዕል ሁለት አሣሣሎች እንዳሉት ይነገራል። የመጀመሪያው ከአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የሚታይ፣ ቀለሙ ደማቅና ወጥ፣ መስመሩ ጥርት ያለ፣ መደቡም ያልተጨናነቀ ነው። ሁለተኛው በአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት የተስፋፋው ሲሆን፣ ፊት በጥላ ይሞላል፤ ልብሱ ባለ አበባ ግምጃ ይሆናል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ መምህር በመንዝ ወይም በመርሐቤቴ ደብር የሚያየውን ሥዕል ቢያንስ «ከዚህ ወዲህ ነው» ብሎ ለመናገር ይችላል። በሸዋ ደጋ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1530ዎቹ በነበረው የግራኝ አሕመድ ጦርነት በሸዋ ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ደብረ ሊባኖስ የተቃጠለው በ1531 ነው። ከዚያ ቀደም የነበረው የሥዕል ሀብት በብዛት የተረፈው ሊደረስባቸው በማይቻሉ ደሴቶችና ገደላማ ገዳማት ነው። በመንዝ እንደ መሻለ ማርያም ባለ ስፍራ የአሥራ አምስተኛው ምዕት ዓመት ታሪክ የሚፈለገው ግድግዳ ላይ ሳይሆን በመሬት ቁፋሮ ነው፤ በ1990ዎቹ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ሆይናትስኪም በ1969 ዳይ ጊዮርጊስ ስለ ተባለው የሸዋ ጥንታዊ ስፍራ በመጽሔታቸው የጻፉት የተረፈው ጥቂት ቢሆንም መመዝገብ እንዳለበት ስላመኑ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሆይናትስኪን አስተሳሰብ የሚያሳየው የእመቤታችን ሥዕል ጥናት ነው። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በተባለው ቤተ ክርስቲያን አንድ የታወቀ ጥንታዊ የማርያም ሥዕል አለ። ኢየሱሳውያን የዚህን ሥዕል ቅጂ ወደ ብዙ አገሮች ይልኩ ነበር፤ በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። ሥዕሉ በቀላሉ ይለያል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሁለቱን እጆቿን አመሳቅላለች፤ በቀኝ እጇ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታለች፤ በግራዋ መሐረብ ይዛለች፤ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዟል። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ትምህርታቸው ተወገዘ፤ ሥዕላቸው ግን ቀረ። መቅረት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ከሚሣሉት የማርያም ሥዕሎች ሁሉ የተስፋፋው ይኸው ሆነ። ሆይናትስኪ ቅጂዎቹን በተርታ አስቀምጠው ሲመለከቱ፣ የኢትዮጵያ ሠዓልያን ምሳሌውን እንደ ወረደ እንዳልገለበጡት አሳዩ። መጎናጸፊያው የአገር ልብስ መልክ ያዘ፤ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በግራና በቀኝ ቆሙ፤ ዓይኖቹ ሰፉ። የሮሙን ሥዕል የማያውቅ ሰው ከእነዚህ መካከል አንዱን ቢያይ ከአገሩ ምድር የበቀለ እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ አይገምትም።

ይህ አስተያየት በዋናው መጽሐፋቸው ርእስ ላይም ተቀምጧል። በ1983 በጀርመን አገር በቪስባደን የታተመው ይህ መጽሐፍ፣ ከአሥራ ሦስተኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ያሉትን የኢትዮጵያ ሥዕል ዐበይት ርእሰ ጉዳዮች የሚመረምር ሲሆን፣ የአገር በቀሉን ዕድገት፣ የውጭውን ምሳሌና ምሳሌው የተዋሐደበትን መንገድ ለያይቶ ያያል። ሦስተኛው ቁም ነገር፣ መዋሐዱ፣ ለትምህርት ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያለው ነው። በአንድ በኩል የኢትዮጵያን ሥዕል የባይዛንታይን ወይም የኢጣልያ ደካማ ግልባጭ አድርገው የሚጽፉ ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ከውጭ ምንም አልገባም የሚሉ ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች ሥዕሉን ቀረብ ብለው ያዩ አይመስልም።

የቬኔሱ ሠዓሊ የኒኮሎ ብራንካሌዮን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህ ሰው በ1480 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ መርቆሬዎስ ተብሎ በነገሥታቱ ቤት ብዙ ዓመት ኖረ። በ1520ዎቹ አገሩን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በሕይወት አግኝቶታል። አልቫሬስ እንደሚተርከው፣ ብራንካሌዮን እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስለ ሣላት ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር፤ ግራ የተዋረደ ወገን ነውና። ሥዕሉ ግን በንጉሡ ፈቃድ ተረፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሮሙ ሥዕል መጣ፤ በእርሱም ሕፃኑ በግራ ክንድ ነው። በዚያን ጊዜ በዚህ የተቆጣ ያለ አይመስልም። አንድ የውጭ ልማድ እንዴት ቀስ በቀስ የቤት ልጅ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለክፍል ውይይት ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ የሆይናትስኪ ሥራ ያልደረሰበት ቦታም አለ። ለሥዕሉ ምሳሌ እጅግ ስለ ተጨነቁ ሠዓሊው ራሱ አንዳንድ ጊዜ ይረሳል። ሠዓሊው ከማን ተማረ? ቀለሙን ከየት አገኘ? ምን ተከፈለው? ዲያቆን ነው ወይስ መነኩሴ? እነዚህ ጥያቄዎች በሥራቸው ውስጥ ሰፊ ቦታ አላገኙም። በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ የተጻፈው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ብቻውን መጽሐፍ የሚገባው ሰው ነበር፤ ያንን መጽሐፍ በ1994 ያሳተሙት አሜሪካዊቷ ማሪሊን ሄልድማን ናቸው። ይህን ማንሣት የሆይናትስኪን ድካም ለማሳነስ አይደለም። ሄልድማን ፍሬ ጽዮንን ለመከተል የቻሉት ከዚያ በፊት ሥዕሎቹን ሰብስቦ ያኖረ ሰው ስለ ነበረ ጭምር ነው።

በቤተ መዘክር ሥራ ውስጥ ያለውን ከባድ ጥያቄ ለመረዳት ግን ሆይናትስኪ በ1985 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ላይ ማተኮር ይጠቅማል። ጥናቱ የሚመለከተው ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን፣ ክርስቶስን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳየውን ሥዕል ነው። ሥዕሉ በአውሮፓ የተሣለ ሲሆን በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘንድ እጅግ ይከበር ነበር። ሠራዊት ሲዘምት ይዞት ይሄድ ነበር፤ መኳንንት በእርሱ ፊት ይምሉ ነበር። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ ከስናር ጋር ሲዋጉ ተማርኮ በገንዘብ ተመልሷል። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከዐፄ ቴዎድሮስ መኝታ ቤት ያነሣው ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ ሰው ነው። ሆልምስ ተራ ወታደር አልነበረም። የብሪታንያ ሙዚየም ሠራተኛ ሆኖ፣ ቅርስ ለመምረጥ ከዘመቻው ጋር የተላከ ባለሙያ ነበር። ይህን ሥዕል ግን ለሙዚየሙ አላስረከበም፤ ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ በኋላ በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጦ በፖርቱጋል ወደ ግል ባለቤት እጅ ገባ። ስለዚህ የዕቃ ዋጋ ማወቅ ብቻውን ዕቃውን አያድነውም። ሆልምስም ዋጋውን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ሆይናትስኪ በአዲስ አበባ የመረጡት መንገድ ከዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ዕቃው በአገሩ ይቅር ነው። በአገሩ መቅረቱ ግን በደብሩ መቅረቱ አልነበረም። ከነጋዴ የተገዛ ሥዕል ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ወጣ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ነጋዴው አይናገርም፤ ቢናገርም አይታመንም። ያመጣው ሰው ከሰረቀው የደብሩን ስም ይደብቃል፤ ችግር አስገድዶት ከሸጠውም ያፍርበታል። በዚህም የተነሣ ሥዕሉ ከነሙሉ ውበቱ ወደ ቤተ መዘክር ይገባል፤ ታሪኩ ግን ግማሹ በመንገድ ይቀራል። በየትኛው በዓል ይወጣ ነበር? ማን ተሳለበት? ማን አሠራው? ከዚያ በኋላ ተመራማሪው ጣትና ዕጥፋት እየቆጠረ ዘመኑን ሊያገኝ ይችላል፤ ደብሩን ግን አያገኝም። የሆይናትስኪ ዘዴ በከፊል የዚህ ጉድለት ልጅ ነው። የሥዕሎቹ መነሻ ቢታወቅ ኖሮ ያን ያህል በልብስ ዕጥፋት ላይ መደገፍ ባላስፈለገ ነበር።

መንግሥት በ1966 ስለ ጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229ን አውጥቶ የቅርስን ይዞታና ከአገር መውጣት በሕግ ለመቆጣጠር ሞከረ። በዚያው ዓመት ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። በኋላም በ1989ና በ2000 ሌሎች አዋጆች ተከትለዋል፤ የኋለኛው አዋጅ ቅርሶች እንዲመዘገቡ ያዝዛል። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሸዋን ገደላገደል የሚያውቅ ሰው፣ መዝጋቢው ወደ እያንዳንዱ ደብር እስኪደርስ ስንት ክረምት እንደሚያልፍ ለመገመት አይቸግረውም። ከደብሩ አጠገብ ሁልጊዜ የሚገኘው የመንግሥት ሠራተኛ መምህሩ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ሆይናትስኪ ከኢትዮጵያ ወጡ። ከዚያ በኋላ በካናዳ በሰድበሪ ከተማ በዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ኖሩ። ከስብስቡ በአካል ቢለዩም በሥራ አልተለዩም፤ ከላይ የተጠቀሱት ታላላቅ መጻሕፍት ሁሉ የታተሙት ከሄዱ በኋላ ነው። ቤተ መዘክሩም በሌሎች እጅ ቀጠለ። ከእነርሱ መካከል ረጅም ዘመን ያገለገሉት አቶ አሕመድ ዘካርያ ይገኙበታል። ዕቃዎቹን በየብሔረሰቡ ከመደርደር ይልቅ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ማሳየት የዚህ ቤተ መዘክር መለያ ሆነ። ይህም ለማስተማር እጅግ የሚመች አቀራረብ ነው፤ የመንዙ ተማሪ የሐመሩን ጨቅላ ማዘያ ከራሱ አንቀልባ አጠገብ ያየዋልና። ከሥዕሎቹም ጥቂቶቹ በ1993 በአሜሪካ በተዘጋጀው ታላቅ የኢትዮጵያ ቅዱስ ጥበብ ትርኢት ላይ ቀርበው ተመልሰዋል።

በኋለኛው ዘመን የተለመደው መንገድ በኢትዮጵያውያን ተይዟል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መርተዋል፤ በ2019ም ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ መጽሐፍ አሳትመዋል። የእርሳቸው ሥራ የሚመለከተው ስማቸውና ዘመናቸው የታወቀ ሠዓልያንን በመሆኑ ችግሩም ሌላ ነው። እዚያ የሚያጠያይቀው ሥዕሉ መቼ ተሣለ የሚለው ሳይሆን ለምን እንዲህ ተሣለ የሚለው ነው።

የሆይናትስኪ የሥዕል ካታሎግ፣ በተቋሙ ስብስብ ውስጥ ያሉትን በእንጨት ላይ የተሣሉ ሥዕሎች የሚዘረዝረው፣ በ2000 በሚላኖ ታተመ። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ ከአዲስ አበባ ከወጡም ሩብ ምዕት ዓመት ሊሞላ ተቃርቧል። አንድ መጻሕፍት ጠባቂ በወጣትነቱ የገዛውን በእርጅናው መዝግቦ ማስረከቡ ነው። በዚህ አልበቃቸውም። በ2006፣ በዘጠና አንድ ዓመታቸው፣ ስለ ኢትዮጵያ መስቀሎች ታሪክና የዘመን ቅደም ተከተል ሌላ መጽሐፍ አወጡ። መስቀል ከሥዕል ይልቅ ዘመኑን ይደብቃል። ፊት የለውም፣ ዓይን የለውም፣ የልብስ ዕጥፋትም የለውም። የቀረው የሐረጉ አጠላለፍ፣ የብረቱ ዓይነትና አንዳንድ ጊዜ በእጀታው ላይ የተቀረጸ የአንድ ሰጪ ስም ብቻ ነው። በመንዝና በመርሐቤቴ ደብሮች ቄሱ ለምእመናን የሚያሳልሙት የእጅ መስቀል ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ወገን ነው። በእጀታው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ብርሃን ያለበት ደጀ ሰላም፣ ጥቂት ግዕዝና የካህኑ ፈቃድ ይበቃሉ።